ከሲቲያ እስከ ስትራስቡርግ፦ የሚኖስ ኮኪናኪስ ሕይወትና የሃይማኖት ነጻነት ፍርድ

የሕግ ባለሙያ የፍርድ መዝገብ ሲገልጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው የክርክሩን ጭብጥና የዳኞቹን ውሳኔ ነው። የተከራካሪው ሰው ሕይወት በመዝገቡ ሽፋን ላይ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ኮኪናኪስ የሚባለው ስም ከእነዚህ አንዱ ነው። በአውሮፓም ሆነ ከአውሮፓ ውጭ ስለ ሃይማኖት ነጻነት የሚጽፍ፣ የሚከራከር ወይም የሚፈርድ ባለሙያ ይህን ስም ሳይጠራ አያልፍም። ሆኖም ስሙን ከሚጠሩት መካከል፣ ባለ ጕዳዩ በቀርጤስ ደሴት ይኖሩ የነበሩ ነጋዴ መሆናቸውን፣ ጕዳያቸው ከታላቁ ፍርድ ቤት እስኪደርስ ድረስም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከፖሊስ ጣቢያ ወደ ወህኒ ቤት፣ ከወህኒ ቤትም ወደ ግዞት ሲመላለሱ መኖራቸውን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የእኚህን ሰው ሕይወት በአጭሩ ይተርካል፤ ለሙያ ባልደረቦቻችን ትቶት ያለፈውንም ትምህርት ለማሳየት ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ትውልድና እምነት

ሚኖስ ኮኪናኪስ፣ በፍርድ ቤቱ መዝገብ እንደ ሰፈረው፣ በ1919 ሲቲያ በምትባል የምሥራቅ ቀርጤስ የወደብ ከተማ ከኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ተወለዱ። ቀርጤስ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ስም አይደለችም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮም ሲወሰድ በባሕር ዳርቻዋ ያለፈባት፣ ቲቶንም የጐደለውን እንዲያደራጅ የተወባት ደሴት ናት። ደሴቲቱ ለብዙ ዘመን በኦቶማን ቱርኮች አገዛዝ ሥር ቈይታ ከግሪክ መንግሥት ጋር የተዋሐደችው በ1913 ነበር። በዚያ ረጅም የባዕድ አገዛዝ ዘመን የግሪኮችን ቋንቋና ማንነት ጠብቃ ያቈየች ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነች፣ በሕዝቡ ልብ ውስጥ ግሪካዊነትና ኦርቶዶክሳዊነት እንደ ድርና ማግ የተሳሰሩ ነበሩ። ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው እምነቱን ብቻ ሳይሆን ወገኑንም እንደ ካደ ይቈጠር ነበር። የሀገሪቱም ሕገ መንግሥት የምሥራቅ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የበላይነት ያለው ሃይማኖት ብሎ ሲሰይም፣ ሰዎችን ከእርሷ ለማስኰብለል መሞከርን ከጥንት ጀምሮ ይከለክል ነበር።

ኮኪናኪስ በ1936 የይሖዋ ምሥክሮች ከሚባለው ማኅበረ ምእመናን ጋር ተቀላቀሉ። የዚህ እምነት ተከታዮች፣ በሀገራችንም እንደሚታወቀው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ማስተማርን የእያንዳንዱ አማኝ ግዴታ ያደርጉታል፤ የጦር መሣሪያም አይዙም። ሁለቱም ተግባራት በዚያን ጊዜዋ ግሪክ ከሕግ ጋር የሚያጋጩ ነበሩ። ኮኪናኪስ ሃይማኖታቸውን በለወጡበት በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ ወር፣ ጄኔራል ዮአኒስ ሜታክሳስ ፓርላማውን በትነው አምባገነናዊ አገዛዝ መሠረቱ። ከሁለት ዓመት በኋላም ቍጥሩ 1363/1938 የሆነ ሕግ ወጣ፤ በ1939ም በሌላ ሕግ ተሻሻለ። የኮኪናኪስ ቀሪ ዕድሜ ከዚህ ሕግ ጋር የተያያዘ ሆነ።

ሕጉ ሃይማኖት ማስለወጥን በወንጀል የሚያስቀጣ ተግባር አደረገው። ወንጀሉን የሚተረጕመው ክፍል እጅግ ሰፊ ነበር። የሌላውን ሰው እምነት ለመሸርሸር በማሰብ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ መንገድ ወደ ሕሊናው ለመግባት መሞከርን ይከለክላል። ለሙከራው መሣሪያ ይሆናሉ ያላቸውንም ይዘረዝራል፦ መደለያ መስጠት ወይም ተስፋ ማስያዝ፣ የሞራል ድጋፍ ወይም የቍሳቍስ ርዳታ፣ ማጭበርበር፣ እንደዚሁም የሰውን ልምድ ማጣት፣ እምነት መጣል፣ ችግር፣ የአእምሮ ደካማነት ወይም የዋህነት መጠቀሚያ ማድረግ። የዝርዝሩን አንዳንድ ክፍል ማንም ሰው የሚቃወመው አይመስልም፤ በማታለልና በችግረኛ ድኽነት በመጠቀም የሚገኝ ተከታይ ለየትኛውም ሃይማኖት ክብር አይሆንምና። አስቸጋሪው ነገር የሞራል ድጋፍና ተዘዋዋሪ ሙከራ የሚሉት ቃላት ወሰን የሌላቸው መሆናቸው ነበር። በደጅ ቆሞ ስለ እግዚአብሔር መንግሥት የሚናገርን ሰው፣ ፖሊሱ ከፈለገ፣ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ በአንዱ ሊያስገባው ይችላል።

ግዞትና እስራት

በሜታክሳስ መንግሥት ሕጎች ጥፋተኛ ናቸው ተብሎ ከተፈረደባቸው የይሖዋ ምሥክሮች የመጀመሪያው ሚኖስ ኮኪናኪስ ነበሩ። ይህም የሆነው በ1939 ነው። ነገር ግን ከፍርድም በፊት፣ በ1938፣ የአስተዳደር ባለ ሥልጣኖች ያለ ፍርድ ወደ አሞርጎስ ደሴት አግዘዋቸው 13 ወር በዚያ ቈይተው ነበር። በ1940 እንደገና ለ6 ወር ወደ ሚሎስ ተጋዙ። በ1949 ደግሞ በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን የፖለቲካ እስረኞች ማጐሪያ በመሆን ስሟ ወደ ከፋው ወደ ማክሮኒሶስ ተወስደው 12 ወር አሳለፉ። ሦስቱም ደሴቶች በኤጌያን ባሕር የሚገኙ ናቸው። በእነዚህ ሦስት ደሴቶች ላይ በድምሩ 31 ወር ሲታገዱ ዳኛ ጕዳያቸውን መርምሮ የፈረደው ፍርድ አልነበረም፤ የአስተዳደር ትእዛዝ ብቻ ይበቃ ነበር።

በፍርድ የተወሰነባቸውም እስራት ቀላል አልነበረም። በ1941 መሣሪያ አልይዝም በማለታቸው 18 ወር ተኩል ታሰሩ። ፋሺስት ኢጣሊያ ሀገራችንን ከወረረች ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1940፣ ግሪክን እንደ ወረረች፣ በሚያዝያ 1941ም የጀርመን ጦር ተከትሎ እንደ ገባ ይታወሳል። እያንዳንዱ ቤት ልጁን ወደ ግንባር በሸኘበት በዚያ ጊዜ መሣሪያ አልይዝም ያለ ሰው በጎረቤቶቹ ዓይን ምን ይመስል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ኮኪናኪስን ያሠሯቸው ሰዎች በሙሉ ክፉዎች ነበሩ ማለት አይቻልም፤ ብዙዎቹ ሀገርንና ቤተ ክርስቲያንን የጠበቁ መስሏቸው ነበር። የአናሳ እምነት ተከታይ ጕዳይ ከባድ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ፊት ለፊቱ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን የብዙኃን ቅን ልቡና ነውና።

ከጦርነቱም በኋላ ነገሩ አልቀነሰም። በ1949 ሃይማኖት በማስለወጥ 4 ወር ተኩል፣ በ1952 በግል ቤት ውስጥ የጸሎት ስብሰባ በማድረግ 6 ወር፣ በ1962 እንደገና ሃይማኖት በማስለወጥ 2 ወር ታሰሩ። በዕድሜ ዘመናቸው በዚህ ምክንያት የተያዙበት ጊዜ ከስድሳ በላይ ነው። መንግሥታት ተለዋወጡ፤ ንጉሣዊው አገዛዝ ወደቀ፣ በ1967 ሥልጣን የያዙት ኮሎኔሎችም በ1974 ከሥልጣን ወረዱ። በ1975 አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። ይህ ሕገ መንግሥት የሕሊና ነጻነት የማይደፈር መሆኑን ደነገገ። ሃይማኖት ማስለወጥንም ከለከለ፤ የቀድሞዎቹ ክልከላውን ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መጠበቂያ ብቻ ሲያደርጉት፣ ይህኛው የየትኛውንም ሃይማኖት ተከታይ ለማስኰብለል መሞከርን የሚመለከት አድርጎ አሰፋው። የግሪክ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት የይሖዋ ምሥክሮች በሕገ መንግሥቱ ጥበቃ ከሚደረግላቸው የታወቁ ሃይማኖቶች አንዱ ናቸው ሲል ወሰነ። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ መልካም ነበር። የ1938ቱ ሕግ ግን ከነቃሉ በሥራ ላይ ቈየ። በኋላ ለፍርድ ቤት በቀረበው መግለጫ እንደ ተጠቀሰው፣ ከ1975 እስከ 1992 ድረስ 4400 የይሖዋ ምሥክሮች ተይዘው፣ 1233ቱ ለፍርድ ቀርበው፣ 208ቱ ተፈርዶባቸዋል።

የእሑዱ ጕብኝት

ማርች 2 ቀን 1986 እሑድ ነበር። ኮኪናኪስ በዚህ ጊዜ ንግዱን ትተው በጡረታ ዕድሜ ላይ ይገኙ ነበር። ከባለቤታቸው ጋር ሆነው በሲቲያ ከሚገኝ አንድ ቤት ደጅ ደረሱ። የቤቱ እመቤት የአንድ የአካባቢው ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ፣ በእኛ አነጋገር የአንድ መሪጌታ፣ ባለቤት ነበሩ። እንግዶቹ ገብተው መነጋገር ጀመሩ። ንግግራቸው የተነሣው ከሁለት ቀን በፊት ስቶክሆልም ላይ በተገደሉት በስዊድኑ ጠቅላይ ሚኒስትር በኦሎፍ ፓልመ ጕዳይና ስለ ሰላም ነበር፤ ከዚያም ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ተሸጋገረ። ጕብኝቱ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ዘማሪው ግን ለፖሊስ አመለከቱ፤ ባልና ሚስቱም ተይዘው ሌሊቱን በፖሊስ ጣቢያ አሳለፉ።

ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ የላሲቲ ወንጀለኛ መቅጫ ፍርድ ቤት ጕዳዩን ሰምቶ ሁለቱንም ጥፋተኞች አላቸው። እያንዳንዳቸው የ4 ወር እስራት ተፈረደባቸው፤ እስራቱ በቀን 400 ድራክማ ወደ ገንዘብ ሊለወጥ እንዲችል ተደረገ፤ የ10 ሺህ ድራክማ መቀጮም ተጨመረ። አራት መጻሕፍታቸውም ተወርሰው እንዲጠፉ ታዘዘ። በማርች 1987 የቀርጤስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ባለቤታቸውን በነጻ አሰናብቶ፣ የኮኪናኪስን ቅጣት ወደ 3 ወር ዝቅ አድርጎ አጸናው።

በዚህ ክርክር ውስጥ የሕግ ሰው ቆም ብሎ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ፍርድ ቤቱ ኮኪናኪስን ጥፋተኛ ለማለት የሕጉን ቃል መከተል ነበረበት፤ ሕጉ ደግሞ ተበዳዩ ልምድ የሌለው፣ አእምሮው ደካማ ወይም የዋህ እንዲሆን ይፈልጋል። ስለዚህ ፍርዱ ተከሳሹ በወይዘሮዋ ልምድ ማጣት፣ የአእምሮ ደካማነትና የዋህነት ተጠቅመዋል አለ። ወይዘሮዋ ራሳቸው ቀርበው የሰጡት ምስክርነት ግን ሌላ ነበር። የይሖዋ ምሥክሮች መሆናቸውን ቢያውቁ ኖሮ እንደማያስገቧቸው፣ ከተነገራቸውም ጥቂቱን ብቻ እንደ ተረዱ፣ ንግግሩም በእምነታቸው ላይ ምንም ለውጥ እንዳላመጣ ገልጸው ነበር። ከይግባኙ ዳኞች አንዱም ይህን ልብ ብለዋል፤ የዘማሪ ባለቤት የሆኑት ወይዘሮ የሃይማኖታቸውን ትምህርት የማያውቁ፣ ወይም አእምሯቸው የደከመ ወይም የዋህ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ስላልቀረበ ተከሳሹ በነጻ ሊለቀቁ ይገባ ነበር ሲሉ በሐሳብ ተለዩ። እንግዲህ ሕጉ ወይዘሮዋን ለመጠበቅ ሲል ክብራቸውን ዝቅ አደረገ። ማስረጃ ሳይጠየቅ የሚሠራ የወንጀል ሕግ የሚጐዳው ተከሳሹን ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ኮኪናኪስ ወደ ሰበር ሰሚው ፍርድ ቤት ይግባኝ አሉ። ይህ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በግሪክኛ የሚጠራው ቅዱስ ጳውሎስ ለአቴና ሰዎች ስለ ማይታወቀው አምላክ ባስተማረበት በአርዮስፋጎስ ስም ነው። የጥንቶቹ አቴናውያን እንግዳውን ሰባኪ ሰምተው ከፊሎቹ ሲያፌዙ ከፊሎቹ ሌላ ጊዜ እንሰማሃለን ብለው እንዳሰናበቱት ተጽፏል። በስማቸው የተሰየመው ፍርድ ቤት ግን በኤፕሪል 1988 ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይቃረንም ብሎ ይግባኙን ውድቅ አደረገ። በሀገር ውስጥ የቀረ በር አልነበረም።

የተከፈተው በር

ኮኪናኪስ ከዚያ በፊት ስድሳ ጊዜ ሲያዙ ስትራስቡርግ ያልሄዱት ለምንድን ነው? መልሱ በአንድ ቀን ውስጥ ይገኛል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት በ1950 ተፈርሞ በ1953 ሥራ ላይ ውሏል፤ ፍርድ ቤቱም በ1959 ተቋቁሟል። ሆኖም በዚያን ጊዜው ሥርዐት ግለሰብ መንግሥቱን ለመክሰስ የሚችለው መንግሥቱ ይህን መብት በተለየ መግለጫ ሲቀበል ብቻ ነበር። በኮሎኔሎቹ ዘመን ግሪክ ከአውሮፓ ምክር ቤት በ1969 ወጥታ በ1974 ተመልሳለች። የግለሰቦችን አቤቱታ የተቀበለችው ግን ኖቬምበር 20 ቀን 1985 ነው። ኮኪናኪስ በሲቲያ የተያዙት ከዚህ ቀን ሦስት ወር ተኩል እንኳ ሳይሞላ ነበር። አሞርጎስ፣ ሚሎስ፣ ማክሮኒሶስ፣ የ1939ም ሆነ የ1962 ፍርዶች ሁሉ ከዚህ በር ውጭ ቀርተዋል። የፍርድ ቤት ሥልጣን ምን ያህል በቀንና በፊርማ የተወሰነ እንደ ሆነ ለሕግ ሰው ማስታወስ አያስፈልግም፤ ለባለ ጕዳዩ ግን ሃምሳ ዓመት ያህል መጠበቅ ማለት ነበር።

አቤቱታው በኦገስት 1988 ለአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቀረበ። ኮሚሽኑ በ1991 በሙሉ ድምፅ የስምምነቱ 9ኛ አንቀጽ ተጥሷል የሚል አስተያየት ሰጠ። ጕዳዩም ወደ ፍርድ ቤቱ ተላልፎ በኖቬምበር 1992 ተሰማ። ሜይ 25 ቀን 1993 ዘጠኝ ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት በስድስት ድምፅ ለሦስት ግሪክ የኮኪናኪስን የሃይማኖት ነጻነት ጥሳለች ሲል ፈረደ። ለደረሰባቸው የሞራል ጕዳት 400 ሺህ ድራክማ፣ ለክርክሩ ወጪም 2 ሚሊዮን 789 ሺህ 500 ድራክማ እንዲከፈላቸው አዘዘ። የሃይማኖት ነጻነትን የሚደነግገው 9ኛው አንቀጽ ሥራ ላይ ከዋለ 40 ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ፍርድ ቤቱ ይህ አንቀጽ ተጥሷል ሲል ይህ የመጀመሪያው ነበር።

የፍርዱ ፍሬ ነገር

ፍርድ ቤቱ ሐሳቡን የጀመረው የሕሊናና የሃይማኖት ነጻነት ከዴሞክራሲያዊ ኅብረተ ሰብ መሠረቶች አንዱ መሆኑን በማስረዳት ነው። ይህ ነጻነት ለአማኙ የማንነቱ ዋና አካል ሲሆን፣ እግዚአብሔር የለም ለሚለው፣ ለሚጠራጠረውና ስለ ጕዳዩ ግድ ለሌለውም ሀብቱ ነው አለ። ቀጥሎም ሃይማኖትን በቃልና በሥራ መመስከር ከነጻነቱ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። ጎረቤትን በትምህርት ለማሳመን መሞከር ካልተፈቀደ፣ ስምምነቱ ለሰው ሁሉ የሰጠው ሃይማኖትን የመለወጥ መብት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ይሆናልና።

ከዚህ በኋላ ዳኞቹ የተለመደውን መለኪያ በቅደም ተከተል ተጠቀሙ። ቅጣቱ በሕግ የተመሠረተ ነውን? የግሪክ ፍርድ ቤቶች በዘመናት ውስጥ ሕጉን እየተረጐሙ ስላብራሩት፣ ነው አሉ። ዓላማው ተገቢ ነውን? የሌሎችን መብትና ነጻነት መጠበቅ ስለ ሆነ፣ ተገቢ ነው አሉ። በዴሞክራሲያዊ ኅብረተ ሰብ ውስጥ አስፈላጊ ነውን? ፍርዱ የዞረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነበር። እውነተኛ ምስክርነት አንድ ነገር ነው፤ በጥቅም በመደለል፣ በተቸገረ ሰው ላይ ተገቢ ያልሆነ ግፊት በማድረግ ወይም በኀይል ሰውን ወደ ሃይማኖት ማስገባት ሌላ ነገር ነው። ለዚህም ልዩነት ፍርድ ቤቱ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት በ1956 ያወጣውን ጥናት ጠቀሰ። የግሪኩ ሕግም ሁለተኛውን ብቻ ለመቅጣት የታሰበ ከሆነ ከስምምነቱ ጋር ሊስማማ ይችላል አለ። የግሪክ ፍርድ ቤቶች ግን የሕጉን ቃል ቀድተው ከመጻፍ በቀር፣ ተከሳሹ በየትኛው ተገቢ ያልሆነ ዘዴ እንደ ተጠቀሙ አላስረዱም። የቀረበውም ፍሬ ነገር ይህን የሚያሳይ አልነበረም። ስለዚህ ቅጣቱን አስፈላጊ የሚያደርግ አጣዳፊ ምክንያት አልተገኘም።

ይህ አነጋገር ለተራ ሰው ደረቅ ይመስል ይሆናል። ለሕግ ሰው ግን የነገሩ ቍልፍ ይኸው ነው። ፍርድ ቤቱ ሕጉን አልሻረም፤ እንዲህ ያለ ሥልጣንም የለውም። የሻረው ሕጉን ደግሞ መጻፍን እንደ ምክንያት መቍጠርን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአውሮፓ የሚገኝ ዳኛ የአናሳ እምነት ተከታይን ለመቅጣት ቢፈልግ፣ ሰውየው በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ቃልና በየትኛው ሥራ የሌላውን ነጻነት እንደ ነካ በግልጥ መጻፍ አለበት። ኮኪናኪስ በሕይወታቸው ሙሉ ያጡት ነገር ይህ ነበር፤ ስድሳ ጊዜ ሲያዙ ማንነታቸው እንጂ ሥራቸው በሚገባ ተመርምሮ አያውቅምና።

የዳኞቹ ልዩነት

ፍርዱ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። ግሪካዊው ዳኛ ኒኮላስ ቫልቲኮስ፣ እንደዚሁም ዳኞቹ ፎይጌልና ሎይዙ በ9ኛው አንቀጽ ላይ በሐሳብ ተለይተዋል። ክርክራቸው ሊናቅ የሚገባው አይደለም። በገዛ ቤቷ የተቀመጠች ሰው እምነቷን በሰላም የመያዝ መብት አላት፤ በልምድ የሠለጠነ ሰባኪ በተደጋጋሚ እየመጣ ሊያስለውጣት ሲሞክር መንግሥት ዝም ብሎ ማየት የለበትም የሚል ነበር የሐሳባቸው መንፈስ። በሌላ በኩል የኔዘርላንዱ ዳኛ ማርተንስ ፍርዱ አልራቀም አሉ። ሁለት አዋቂ ሰዎች ስለ እምነት ሲነጋገሩ መንግሥት በመካከላቸው በወንጀል ሕግ ሊገባ አይገባውም የሚል አቋም ያዙ። ፈረንሳዊው ዳኛ ፔቲቲም ጥፋቱ ያለው በአፈጻጸሙ ላይ ብቻ ሳይሆን በራሱ በሕጉ ቃል ግልጽ አለመሆን ላይ ነው አሉ። አብላጫው በእነዚህ በሁለቱ አቋሞች መካከል ጠባቡን መንገድ መረጠ።

ጠባቡ መንገድ ዋጋ አስከፍሏል። የ1938ቱ ሕግ ከሕግ መጻሕፍት ሳይሰረዝ ቀረ፤ የሕገ መንግሥቱም ክልከላ እንዳለ ነው። ነገር ግን ፍርዱ እንደ ዘር ሆኖ ብዙ ፍሬ አፈራ። በ1996 ከዚያችው ከቀርጤስ፣ ከሄራክሊዮን ከተማ፣ የጸሎት ቤት ያለ ፈቃድ ከፍታችኋል ተብለው የተቀጡ የይሖዋ ምሥክሮች በማኑሳኪስ ጕዳይ ተፈረደላቸው። በ1998 በላሪሲስ ጕዳይ ፍርድ ቤቱ ልዩነቱን አብራራ፤ የጰንጠቆስጤ እምነት ተከታይ የሆኑ የአየር ኀይል መኰንኖች የበታች ወታደሮቻቸውን ለማስለወጥ በመሞከራቸው መቀጣታቸውን ደግፎ፣ ሲቪሎችን በማነጋገራቸው መቀጣታቸውን ግን ተቃወመ። አለቃ ለበታቹ ሲሰብክ እምቢ ለማለት አስቸጋሪ እንደሚሆን፣ በደጅ ላይ የቆመን እንግዳ ግን ማንም ሊያሰናብተው እንደሚችል በዚህ ተረጋገጠ። በ2000 በትሊሜኖስ ጕዳይ የወታደር ልብስ አልለብስም ብሎ የታሰረ ሰው በዚያው ምክንያት ከሒሳብ ዐዋቂነት ሙያ መከልከሉ አድልዎ ነው ተባለ። ግሪክ በ1997 በሕሊና ምክንያት መሣሪያ ለማይዙ ሰዎች አማራጭ የሲቪል አገልግሎት ፈቀደች። በ2011ም ፍርድ ቤቱ በባያትያን ጕዳይ በአርሜንያ ላይ በሰጠው ፍርድ መሣሪያ አለመያዝ በ9ኛው አንቀጽ የሚጠበቅ መሆኑን አወጀ። ኮኪናኪስ በ1941 አሥራ ስምንት ወር ተኩል የታሰሩበት ነገር ከሰባ ዓመት በኋላ መብት ሆነ።

የፍርድ ቤት ኀይል ወሰን እንዳለውም መሸሸግ አይገባም። የሩስያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2017 የይሖዋ ምሥክሮችን ድርጅት በመላ ሀገሪቱ አገደ። የስትራስቡርጉ ፍርድ ቤት በጁን 2022 ይህ እገዳ ስምምነቱን ይጥሳል ብሎ ሲፈርድ ግን፣ ሩስያ ከሦስት ወር በፊት ከአውሮፓ ምክር ቤት ወጥታ ነበር። የሚፈጽመው መንግሥት ከሌለ ፍርዱ ለታሪክ ምስክር ሆኖ ይቀራል።

በአህጉራችንም ተመሳሳይ መንገድ ተጀምሯል። ኢትዮጵያ በ1998 የተቀበለችው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር በ8ኛው አንቀጹ የሕሊናና የሃይማኖት ነጻነትን ይደነግጋል። መቀመጫው አሩሻ የሆነው የአፍሪካ ፍርድ ቤት በሜይ 2017 ኬንያ የኦጊየክን ሕዝብ ከማው ደን በማፈናቀሏ ይህን አንቀጽ ጭምር ጥሳለች ሲል ፈርዷል፤ ለዚህ ጥቂት ሕዝብ ደኑ የሚኖሩበት ብቻ ሳይሆን የሚያመልኩበትና ሙታናቸውን የሚያከብሩበት ቦታ ነበርና። የሲቲያው ነጋዴና የማው ደን ሕዝብ እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ የጠየቁት ጥያቄ ግን አንድ ነው።

ሚኖስ ኮኪናኪስ በ1999 ዐረፉ። ሀብትም ሹመትም አልነበራቸውም፤ ሕግም አልተማሩም። የእምነታቸውን ትምህርት የማይቀበል ሰው፣ የዚህ ጽሑፍ አንባቢም ቢሆን፣ ከእርሳቸው ጋር በአንድ ነገር ሊስማማ ይችላል። የብዙኃን ሃይማኖት ተከታይ የሆነ ሁሉ፣ ጥቂት ርቆ በሌላ ሀገር ቢኖር፣ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። በዚያ ሀገር አንድ ማታ ፖሊስ በሩን ቢያንኳኳ የሚፈልገው ዳኛ፣ ሃይማኖቱን የሚወድለት ዳኛ አይደለም፤ ምን እንዳደረገ የሚጠይቅና መልሱን በጽሑፍ የሚያሰፍር ዳኛ ነው። ሚኖስ ኮኪናኪስ ይህን ዳኛ ለማግኘት ከ1938 እስከ 1993 ጠብቀዋል።